ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይስ መብራት? ባሕር ዳር ላይ ለሚነዳ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ መኪና ወይም ባጃጅ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ስለ መኪናው ነው። ሞዴሉ፣ ዓመተ ምህረቱ፣ ቀለሙ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሌሊት የት ነው የምታሳድሩት? በየወሩ የማይቀርላችሁ ሩቅ መንገድስ የት ድረስ ነው? ምን ዓይነት ነዳጅ እንደሚያዋጣችሁ የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሌላው ከነሱ ቀጥሎ ይመጣል።

ይህን የምለው ብዙ ሰው በሁለት ምክር መሃል ሲጨነቅ ስለማይ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዘመዱ "ኤሌክትሪክ ግዛና ተገላገል" ይለዋል። እዚህ ያለው ጓደኛው ደግሞ "መብራት በሚጠፋበት አገር እንዴት ተብሎ?" ይለዋል። ሁለቱም ከራሳቸው ኑሮ ተነስተው ነው የሚናገሩት። የናንተን ግቢና የናንተን መንገድ ግን ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ያለውና የሌለው

አማራጭ ነዳጅ ሲባል ጋዝ፣ ኢታኖል፣ ባዮዲዝል ይጠራል። ባሕር ዳር ላይ በተግባር ያለው ግን ሦስት ነገር ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣና መብራት።

ኢታኖል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ነበር። መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10 በመቶ። የሚመጣውም ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ነበር። ለእኛ ማደያ ግን የተረፈ ነገር የለም። ጋዝም እንደዚያው ነው። እዚህ መኪና የሚሞላበት የጋዝ ማደያ የለም። አንዳንድ ሰው የማብሰያ ሲሊንደር መኪና ውስጥ አስሮ መንዳት ይቻላል ብሎ ሊያማክራችሁ ይችላል። እባካችሁ እንዳትሞክሩት። የቤት ሲሊንደር ለመንገድ ንዝረትና ለግጭት የተሠራ አይደለም፣ ቫልቩም የመኪና ቫልቭ አይደለም።

ስለ እምቦጭም ይነሳል። እውነት ነው፣ ከእምቦጭና ከከብት እበት ባዮጋዝ ይወጣል፣ ለምድጃም ይሆናል። ጣናን የወረረው አረም ወደ ጥቅም ቢቀየር ከእኔ በላይ የሚደሰት ሰው ያለ አይመስለኝም። ዛሬ መኪና ለሚገዛ ሰው ግን የሚቆጠር አማራጭ አይደለም።

መብራቱ ግን የራሳችን ነው። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ ነው፣ በምዕራብ በኩል ከቁንዝላ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን የሚሠራው በዚሁ በዓባይ ነው። ቤንዚኑ በአንጻሩ በውጭ ምንዛሬ ይገዛል። ጅቡቲ ላይ ይራገፋል፣ በቦቴ ይጫናል፣ አገር አቋርጦ ይመጣል። መንገድ ሲዘጋ ይቆማል። ባለፉት ዓመታት ይህን በደንብ አይተናል።

ቤንዚን ስንት ያስወጣል?

መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት የጀመረው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። ያኔ የቤንዚን ሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያም በኋላ ጨምሯል። ስለዚህ ቤንዚን መኪና ስትገዙ የዛሬውን ዋጋ ብቻ አትያዙ። ዋጋው ወደ ላይ ሲሄድ እንጂ ወደ ታች ሲመለስ አላየንም።

ማደያ ላይ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር ነው። እዚህ ጋ አንዲት ምክር አለችኝ። ኢንተርኔት ሲጠፋ አፑ አይከፈትም። የቴሌብር *127# ግን ያለ ዳታ ይሠራል። ሹፌር ከሆናችሁ ሚስጥር ቁጥራችሁን ይዛችሁ በዚህ መንገድ መክፈልን አስቀድማችሁ ተለማመዱት።

በማደያ ዋጋና ሰዉ በእውነት በሚከፍለው መሃል ያለው ልዩነት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ከማደያው ዋጋ በብዙ እጥፍ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከሥርዓቱ ውጭ የሚሸጠውን በእስርና በገንዘብ ይቀጣል። ከሕጉ በላይ ደግሞ የሞተራችሁ ጉዳይ አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለበት ማንም አያውቅም። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተር ያንኳኳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ መርፌውን ይደፍናል።

ወረፋውም ገንዘብ ነው። የማውቀው አንድ ባለ ባጃጅ ሲነግረኝ፣ "ጋሼ፣ ዋጋውንስ ከተሳፋሪ ላይ አገኘዋለሁ፤ ቆሜ የዋልኩትን ቀን ግን ማን ይሰጠኛል?" ብሎኛል። ይህ ሰው ሂሳቡን በትክክል ነው የሚሠራው። ስታነጻጽሩ የሊትሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማደያ በር ላይ የሚያልቀውን ሰዓት አብራችሁ አስሉ።

እስቲ ቁጥር እናስቀምጥ። ቪትዝ የመሰለች ትንሽ መኪና ከተማ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስድስት ሊትር ተኩል ገደማ ትጠጣለች። ሊትሩን በ120 ብር ብናሰላው 780 ብር ነው። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ፣ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት (ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረው የመብራት መጠን) ይበቃዋል። የቤታችሁ ታሪፍ 6 ብር ቢሆን 108 ብር ነው። 10 ብር ቢገባ እንኳ 180 ብር ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚነዳ ሰው 12,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በቤንዚን 93,600 ብር፣ በመብራት በ10 ብር ታሪፍ 21,600 ብር ማለት ነው። ታሪፉን ከራሳችሁ ቢል ላይ አንብባችሁ በዚህ ቦታ ተኩት። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየጊዜው እንዲጨምር ስለተወሰነ ያለፈውን ዓመት ቢል አትጠቀሙ። የወር ፍጆታችሁ ከፍ ሲል የምትከፍሉበት መደብም ከፍ እንደሚል አትርሱ።

ሕጉ ወዴት እየገፋ ነው?

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ይህን በማድረግ ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ክልከላው የሚመለከተው አዲስ የሚገባውን ነው። አገር ውስጥ ያለው ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ያሪስ እንደ ድሮው ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ቦሎ ይለጠፍለታል። "የነዳጅ መኪና ሊታገድ ነው" ብሎ መኪናችሁን በርካሽ ሊወስድ የሚመጣ ደላላ ካለ አትደንግጡ። እንዲያውም አዲስ ስለማይገባ ያለው ተፈላጊ ሆኗል። ችግሩ ሌላ ነው። ቀስ በቀስ የምትገዙት የነዳጅ መኪና ሁሉ ያረጀ ይሆናል፣ ዋጋው ግን አይወርድም።

ማበረታቻው ያለው በኤሌክትሪኩ በኩል ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ሆነ። በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ። ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስም ቀሩ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጀ የነዳጅ መኪና እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ሊጣልበት ይችል ነበር። ያም ሆኖ የታክስ ውሳኔ ይለዋወጣል። ሻጩ "ቀረጡ እንዲህ ነው" ሲላችሁ የመኪናውን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ጠይቁና በትክክል የተከፈለውን በዓይናችሁ እዩ። ማበረታቻው ለእናንተ ሳይደርስ አስመጪው ኪስ ውስጥ ቀርቶ ከሆነም የምታውቁት በዚያ ነው።

ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና ዓመታዊ ምርመራ ለሁሉም ግዴታ ነው። ቤንዚንም ይሁን መብራት።

የኤሌክትሪክ መኪና፦ ነገሩ ያለው ግቢያችሁ ውስጥ ነው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ።

ባሕር ዳር ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያዋጣው ቤቱ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ነው። ሌላ ቦታ የሚገኝ ቻርጅ እንደ ትርፍ ይቆጠር። ሲገኝ ደስ ይላል፣ እቅድ ግን አይሠራበትም። ስለዚህ መኪና ከማየታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ቤታችሁን አሳዩ። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ቆጣሪው ስንት ሜትር ነው? ሽቦው ስንት ካሬ ነው? ኧርዝ አለው? ብሬከሩ ስንት አምፔር ይሸከማል?

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ከተራ ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ስለዚህ ምጣድ የሚሸከም ቤት ቻርጀሩንም ይሸከማል። ሁለቱን አንድ ላይ ላይሸከም ግን ይችላል። አንድ የማውቃቸው መምህር ግቢ ውስጥ ተከራይተው ይኖራሉ። ቻርጅ በጀመሩ ሰሞን አከራያቸው እትዬ ምጣዱን ሲጥዱ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራውም ግማሽ ላይ ይቀራል። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሳይሄድ ተነጋገሩ። መምህሩ በራሳቸው ወጪ ከቆጣሪው ወፈር ያለ ሽቦ ለብቻው አስጎተቱ፣ የራሱን ብሬከርና ንዑስ ቆጣሪ አስገጠሙለት። ቻርጁም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሆነ። አሁን እትዬ በወሩ መጨረሻ ንዑስ ቆጣሪዋን አንብበው ሂሳባቸውን ይቀበላሉ። ተከራይ ከሆናችሁ ይህን ስምምነት ከመኪናው በፊት ጨርሱት። አከራያችሁ ካልፈቀዱ መኪናው ለጊዜው የናንተ አይደለም።

በዲቫይደር ቻርጅ ማድረግ ፈጽሞ የለም። ለሰዓታት ሙሉ 2 ኪሎ ዋት ሲያልፍበት ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሶኬቱን በመጀመሪያው ሌሊት ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን ነቅላችሁ ሶኬቱን አስቀይሩ።

አሁን ሂሳቡን እዩት። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አሥር ሰዓት ነው። በ2 ኪሎ ዋት 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ገባ ማለት ነው። ይህ ለመካከለኛ መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከፔዳ ዓባይ ማዶ፣ ከዓባይ ማዶ ሽምብጥ፣ ተመልሶ ቀበሌ 14፣ ቀኑን ሙሉ ብትመላለሱ እንኳ ይህን አትጨርሱትም። ስለዚህ ለከተማ ሰው ተራ ሶኬት ይበቃል። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጠው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቻርጀር የሚያስፈልገው ብዙ ለሚነዳ ወይም ሁለት መኪና ላለው ነው። ለሱ ደግሞ ቆጣሪያችሁ መሸከም አለመሸከሙን መብራት ኃይል ሄዳችሁ ጠይቁ።

"መብራት ቢጠፋስ?" ተገቢ ጥያቄ ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በቀን 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጨርሳል። 80 በመቶ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ 20 በመቶ እስኪደርስ አምስት ቀን ይሄዳል። እንደ ቢዋይዲ ሲገል ያለች 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የምትይዝ ትንሽ መኪና ደግሞ ሦስት ቀን ገደማ ትሄዳለች። ሚስጥሩ ባትሪውን እንደ ቤንዚን ቀዩ መብራት እስኪበራ አለመጠበቅ ነው። ከ40 በመቶ በታች ሳይወርድ መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ ሰኩት። እንዲህ ከያዛችሁት የመብራት መጥፋት ከቤንዚን መጥፋት ይቀላል። ይህን ሳላመነታ ነው የምለው።

ሻጭ የሚነግራችሁን ርቀት ግን ቀንሱት። ከቻይና የሚመጣው ቁጥር በቻይና መለኪያ የተለካ ነው። 305 ኪሎ ሜትር የተባለች ሲገል በተግባር ከ220 እስከ 240 ብትሄድ ጥሩ ነው። ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሳችሁ አስቡ።

ዳገትም አለ። ባሕር ዳር ራሷ ሜዳ ናት፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ። አየሩም ለባትሪ ምቹ ነው፣ የሚያቃጥል በረሃ ወይም የሚያደርቅ ውርጭ የለም። ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ላይ ናት። 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ 900 ሜትር ሽቅብ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ለዚያ ሽቅብ ብቻ ከተለመደው በላይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ደስ የሚለው ስትመለሱ ሞተሩ ራሱ እያመነጨ አብዛኛውን ይመልሰዋል፣ የፍሬን ሸራችሁም ይተርፋል። ስለዚህ መድረሻው ላይ "ባትሪው አለቀ" ብላችሁ አትደንግጡ፣ መውጫውን ብቻ በትክክል አስሉ።

ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ ባትሪ ያለው መኪና ደርሶ አድሮ ቻርጅ አድርጎ ይመለሳል። ትንሿ መኪና ትደርስ ይሆናል፣ የት እንደምታድር ሳታውቁ ግን አትነሱ። አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሃሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። በወር ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ መሄድ ግድ የሚላችሁ ሰዎች በቤንዚን ወይም በናፍጣ ቆዩ። በዓመት አንድ ሁለቴ ከሆነ ግን ለዚያ ጉዞ በአውሮፕላን ወይም በአውቶቡስ ሂዱና ለቀሪው ዓመት መብራቱን ተጠቀሙ።

ስትገዙ የምታዩት

የቻርጅ ሶኬቱን ዓይነት እዩ። ብዙዎቹ እዚህ የሚገቡት መኪኖች የቻይናው ጂቢ/ቲ ሶኬት ያላቸው ናቸው። የአውሮፓውም ሶኬት ያለበት መኪና ይገኛል። ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ ስትደርሱ ያለው ቻርጀር ለናንተ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ "የሚሠራ ነው? ሶኬቱስ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ጤንነት በኮምፒውተር ይለካ። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ባትሪው ኤልኤፍፒ የሚባለው ኒኬል የሌለበት ሊትየም ከሆነ፣ እንደ ቢዋይዲ ብሌድ፣ አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ መሙላት ይስማማዋል፣ መለኪያውም በዚያ ይስተካከላል። ኒኬል ያለበት ከሆነ ለዕለት 80 በመቶ ላይ ማቆም ዕድሜ ይጨምርለታል። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ያሉት እዚህ የምናያቸው የቻይና ስሪቶች ስክሪናቸው በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ሊቀየር መቻሉን ከመክፈላችሁ በፊት ፊት ለፊታችሁ ያሳዩአችሁ። "በኋላ ይስተካከላል" መልስ አይደለም።

ከመሬት ያለውን ከፍታ ለኩ። ባትሪው ከሥር ነው ያለው። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶናችንና ክረምት ላይ የሚፈነቅለው ጉድጓድ ዝቅ ላለ መኪና አይመችም። ሙከራ ስትነዱ ዋናውን አስፋልት ትታችሁ ወደ ሰፈራችሁ ይዛችሁት ግቡ።

ጋራዥም ጠይቁ። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም። ግን ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያውቅ ባለሙያ ከተማችን ውስጥ ካላገኛችሁ ለትልቅ ብልሽት አዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። ይህን ወጪ ሻጩ ዋስትና ውስጥ ይያዝ እንደሆነ በጽሑፍ አስሰጡት።

ባጃጅ፦ ባትሪው ምንድን ነው?

የከተማችን እግር ባጃጅ ነው። የቤንዚን ወረፋ የበለጠ የሚጎዳውም ባለ ባጃጁን ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ለብዙዎቹ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ባትሪው ሊትየም ከሆነ።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ባለ አሲዱ፣ እንደ ተራ የመኪና ባትሪ ከባድ የሆነው፣ ሲገዛ ርካሽ ነው። በየቀኑ እየሞላና እየጨረሰ ከሠራ ግን ከ300 እስከ 500 ጊዜ ቻርጅ ይችላል፣ ማለትም ዓመት ወይም ዓመት ተኩል። ሊትየሙ 1,500 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ዋጋውን በዚህ አካፍሉት። ለምሳሌ የአሲዱ ባትሪ 70,000 ብር ቢሆንና 350 ጊዜ ቢሠራ በቀን 200 ብር ነው። ሊትየሙ 200,000 ብር ቢሆንና 1,500 ጊዜ ቢሠራ በቀን 133 ብር ነው። ሻጩ የሚነግራችሁን ትክክለኛ ዋጋ በዚህ መንገድ አስገቡት። ባለ አሲዱ ባትሪ ከስድስት ወር በኋላ ከሰዓት በኋላ ላይ እየደከመ የሥራ ሰዓታችሁን ማሳጠሩ ደግሞ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም።

የቤንዚን ባጃጅ 100 ኪሎ ሜትር በሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ትሄዳለች። በ120 ብር 420 ብር ነው። የኤሌክትሪኩ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጨርስ በ10 ብር ታሪፍ 90 ብር። ከላይ ያሰላነውን የባትሪውን የቀን ወጪ ብትጨምሩበትም ይተርፋችኋል፣ ወረፋውም የለም። ለሕዝብ ትራንስፖርት የተሰጠ የታለመ ድጎማ የነበራችሁ ሰዎች እሱን ሳትቆጥሩ አስሉ። ድጎማው ሲጀመርም ቀስ በቀስ እንዲያልቅ ታስቦ ነው የተጀመረው።

በኪራይ ለምትነዱ ግን አንድ ነገር አለ። ገቢ ለባለቤቱ እየከፈላችሁ ማታ ማታ ቻርጁን የሚከፍለው ማን ነው? ባትሪው ሲደክምስ? ይህን በቃል አትተዉት።

ወደ ገጠር የምትወጡ

ወደ አዴት፣ ወደ መራዊ፣ ወደ ሐሙሲት በየቀኑ ለምትሄዱ ኤሌክትሪኩ ይበቃል። ደርሶ መልስ ከ100 ኪሎ ሜትር አይርቅም። እህል ለምትጭኑ፣ ጭቃ ውስጥ ለምትገቡ፣ የሚያድሩበት ከተማ ዛሬ የማይታወቅ ነጋዴዎች ግን ናፍጣ አሁንም ያለ አማራጭ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ዘጌና ወደ ገዳማቱ የምታመላልሱ የጀልባ ባለቤቶችም መንገዳችሁ አጭርና የታወቀ ስለሆነ ለኤሌክትሪክ ሞተር የሚመች ነው። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው የዘይት ቀለም ያሳዝነኛል። አቅም ያላችሁ አስቡበት።

ብስክሌትን አትርሱ

ከቤታችሁ ሥራ ቦታችሁ አምስት ኪሎ ሜትር ካልሞላ ብስክሌት ይበቃችኋል። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ጥላ ያለው መንገድ አላት፣ ብስክሌት መንዳትም ነውር የማይባልባት ከተማ ናት። ላብ የማትወዱ ባትሪ ያለውን ውሰዱ። ቦሎም፣ ወረፋም፣ ቴሌብርም የለበትም።

ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። የባንክ እዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት፣ የተቆለለ የትራፊክ ቅጣት እንደሌለበት ከትራንስፖርት ቢሮ አረጋግጡ። ኤሌክትሪክ ከሆነ ሊብሬው ላይም የነዳጁ ዓይነት ኤሌክትሪክ ተብሎ መጻፉን አንብቡ፣ በስህተት ቤንዚን የተባለ እንደሆነ ቦሎ ስታወጡም ስትሸጡም ያስቸግራችኋል። ተንቀሳቃሽ ቻርጀሩ፣ ሁለቱም ቁልፎች፣ የባትሪው የዋስትና ወረቀት ከመኪናው ጋር ይምጡ። ከተቻለ መኪናውን ለአንድ ሌሊት ወደ ግቢያችሁ ወስዳችሁ በራሳችሁ ሶኬት ቻርጅ አድርጉት። ጠዋት ስንት በመቶ እንደጨመረ እዩና ከዚያ ክፈሉ።